የጋሼ ሜትር ደብተር

አያቴ ያረፉት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። ድንኳኑ በተተከለ ማግሥት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። የሟች የልጅ ልጅ መሆኔን ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ ጎንበስ አሉና "ባቡር መጥቷል በላቸው" አሉኝ። የተሳሳተ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። "ማን ልበል?" አልኳቸው እንደገና።

"ባቡር። ሌላ ስም አትጨምርበት፤ እማማ ያውቁታል።"

እማማ፣ ሴት አያቴ ማለቴ ነው፣ ሲሰሙ ነጠላቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ። ሁለቱ ተቃቅፈው ያለቀሱት ለቅሶ በዚያ ድንኳን ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ይለይ ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

በሦስቱ ቀናት ውስጥ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ሰባት መጡ። ሙጫ መጡ፣ ደብተራ ከነልጆቻቸው መጡ፣ ቅቤ መጡ። ሁሉም ስድሳ ዙሪያ ናቸው። አንዱ የባንክ ጡረተኛ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና የነዱ። እርስ በርስ ሲጠራሩ ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ይሆናሉ። ቅቤ ግብ ጠባቂ ነበሩ፤ ስሙ የወጣላቸው ኳስ ከእጃቸው እያመለጠ ስላስቸገረ ነው አሉኝ። ቡና ሳቀርብላቸው ሲኒውን በሁለት እጃቸው ሲይዙ የለቀስተኛው ግማሽ ሳቀ።

እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ የተማርኩትም ምህንድስና ነው። ታሪክ የመጻፍ ልምድ የለኝም። ይህን የምጽፈው አያቴ ትተውት የሄዱት አንድ ደብተር አንድ ዓመት ያህል ስላታገለኝ ነው።

አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ በር ሱቅ፣ አንድ ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ ነበራቸው። ሜትሩ ከአንገታቸው አይወርድም፤ ገበያ ሲሄዱም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙም፣ ኳስ ሲያሠለጥኑም። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ሜትር ይላቸዋል፤ እናቴ ትዳር ይዛ ከሰፈሩ ከወጣች በኋላ እንኳ "የጋሼ ሜትር ልጅ" ነበር ስሟ። ሱቃቸውን ሲዘጉ ጃን ሜዳ ይሄዳሉ። እዚያ ጥግ ላይ ከቀበና፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከሜዳው ዙሪያ የተሰበሰቡ ልጆች ይጠብቋቸዋል። ደመወዝ የለ፣ መታወቂያ የለ፣ ቡድኑም የተመዘገበ ስም አልነበረውም። "የጋሼ ሜትር ልጆች" ነው የሚባለው፣ በቃ።

ሕጋቸው ሁለት ነበር። በየሴሚስተሩ ካርድ ያላሳየ ልጅ ኳስ አይነካም። የወደቀ ደግሞ ይባረራል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ሦስት ሳምንት ሱቃቸው ውስጥ፣ ከማሽኑ ጎን ባለች ዱካ ላይ ተቀምጦ ያጠናል። ሁለተኛው ሕግ ክፍተትን የሚመለከት ነው። ተከላካይ ከያዘው አጥቂ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከራቀ ፊሽካ ይነፉና ሜዳ ገብተው፣ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው፣ በሁለቱ ልጆች መካከል ይዘረጉታል። ሜትሩ ራሱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ካልደረሰ ለልጁ የሚናገሩት ነገር የለም፤ ሜትሩን ብቻ ያሳዩታል። እኔም በልጅነቴ በግቢያችን ውስጥ በዚያው ሜትር ተለክቻለሁ።

የእግር ኳስ ታሪካችን ሲነገር የሚጠሩት ዋንጫዎችና ፕሬዚዳንቶች ናቸው፤ የሚገባም ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ተመሠረተ። ወዲያው ጣሊያን ገባ። በዚያ ክለብ የተጫወቱት ይድነቃቸው ተሰማ ኋላ ላይ ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠኑ፣ ከዚያም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ሞቱበት እስከ 1987 መሩ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መለየት ፖሊሲዋ ምክንያት ስትቀር የተጫወቱት ሦስት ብቻ ሆኑ፤ እኛም ፍጻሜው ላይ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን።

ከዚያ 1954 መጣ። እሑድ፣ ጥር 13 ቀን፣ የቃና ዘገሊላ ማግሥት። አያቴ የአሥራ ስምንት ዓመት የልብስ ሰፊ ረዳት ነበሩ፤ ዛሬ ሚስማር ተራ በሚባለው በኩል ቆመው አዩ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ በቀጣዩ ደቂቃ ግብፆች እንደገና አገቡ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጨመሩ፤ 4 ለ 2። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሰጡ።

አያቴን ስለዚያ ቀን ብትጠይቋቸው ግን ስለ ግብ አይነግሯችሁም። "የሉቺያኖን ግብ አላየኋትም" ይላሉ። "ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ፊቴ የቆመው ሰውዬ እጁን ሲያነሣ የኮቱ ብብት ሲተረተር ነው የሰማሁት። ደካማ ስፌት ነበር።" ይህን ወሬ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የመጨረሻዋን የሰማሁት እሳቸው ከማረፋቸው ከአንድ ወር ገደማ በፊት ነው፤ ሉቺያኖ በመስከረም 2015 በስደት በኖረበት ጣሊያን መሞቱን የነገርኳቸው ዕለት።

ደብተሩን ያገኘነው ከአርባው በኋላ ሱቁን ስናስለቅቅ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ረጅም፣ ለሂሳብ መዝገብ የሚሆን ዓይነት። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ዓመት ተጽፏል፤ ከ1960 እስከ 1983። ከሥሩ መስመር በመስመር ፊደልና ቁጥር፦ ት 38፣ ደ 77፣ ቁ 60። በስተቀኝ አልፎ አልፎ አጭር ማስታወሻ፣ በመጨረሻም "ወሰደ" የሚል ቃል።

ወዲያው ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሙያ ክፉ ነው፤ ሰው ሐዘን ላይ ሆኖም ሠንጠረዥ ያያል። የጋሼ ሜትርን ልጆች ሁሉ ወደ ኤክሴል አስገብቼ፣ አንድ ቀን ድረ ገጽ ሠርቼ፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በዚያች ጥግ ያለፉትን ስም በስም ላወጣ። የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሥራዬ ግን ከንቱ ሆነ። "ቁ" የማሊያ ቁጥር መስሎኝ ነበር። ስልሳ ቁጥር፣ ስልሳ ሰባት ቁጥር የሚለብስ ልጅ በዚያ ዘመን ከየት መጣ እያልኩ ስገረም እናቴ አየችና "ቁመት ነዋ፤ ት ትከሻ፣ ደ ደረት" ብላ ሳቀችብኝ። የማሊያ ልኬት ነበር። በየዓመቱ ጥምቀት አልፎ ጃን ሜዳ ሲለቀቅ ልጆቹን ተራ በተራ ይለካሉ፤ ወላጅ እንደ አቅሙ ያዋጣና አቡጄዲ ይገዛል፤ በትልቅ ድስት ቢጫ ቀለም ይነከራል። "ወሰደ" ማለት ልጁ ማሊያውን ተረክቧል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ሳቅ የለውም። ከ1960 እስከ 1968 ያሉት ገጾች የግራ ጠርዝ የላቸውም። የስም ዓምዱ ከላይ እስከ ታች በመቀስ ተቆርጧል፤ ያውም በልብስ ሰፊ እጅ፣ አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይዛነፍ። ከ1969 ጀምሮ ዓምዱ አለ፤ ግን በውስጡ ያለው ባቡር፣ ሙጫ፣ ቅቤ፣ ደብተራ፣ ግራዋ ብቻ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ለሌላ ነገር ፈልገውት ነው ብዬ ገመትኩ። ዓመቱን ደጋግሜ ሳየው ግን ዝም አልኩ።

በየካቲትና መጋቢት 1968 የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ተካሂዶ ሞሮኮ አሸነፈች። ያ የኳስ ወሬ ገና ሳይበርድ ከተማው ወደ ሌላ ነገር ገባ። በ1969 መጀመሪያ ደርግና ኢሕአፓ ጎዳና ላይ ይገዳደሉ ነበር። ጥር 26 ቀን ጄኔራል ተፈሪ በንቲና አብረዋቸው የነበሩ ተገድለው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ። መጋቢት ላይ አሰሳው መጣ። ቀበሌዎች ታጥቀው ቤት ለቤት፣ ሣጥን ለሣጥን ይፈትሹ ጀመር። የሚፈለገው መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ወረቀት ነው፣ የጽሕፈት መኪና ነው፣ ማባዣ ነው። ሚያዝያ ላይ መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ቆመው ደም የመሰለ ነገር የያዙ ጠርሙሶችን ሰበሩ። የብዙ ቤተሰብ ሬሳ መንገድ ላይ እየታየ ማልቀስ ተከለከለ።

አሁን ይህን አስቡት። አንድ ልብስ ሰፊ ሱቁ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ወጣቶች ዝርዝር አለው፤ ስም ከነአባት ስም፣ በዓመት የተከፋፈለ። ለፈታሹ ያ የኳስ ቡድን አይመስልም። ለእኔ "የጎደለ ዳታ" የሆነው ነገር በዚያ ወር ሰው ያተረፈ ጉድለት ነበር።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። መሐንዲስ የጎደለ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። መርሑ ቀላል ነው፤ የልጅ ትከሻ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የዘንድሮውን መስመር ከአምናው ጋር እያነጻጸረ ማን ማን እንደሆነ የሚገምት ነገር ሠራሁ። በስተቀኝ ያሉት ማስታወሻዎች አገዙኝ። በ1966 አንድ መስመር አለ፦ ት 36፣ ደ 72፣ ቁ 56፣ "በግራ ይመታል"። በ1967 ያው ልጅ ት 38 ሆነ። በ1968 ት 41። በ1969 የስም ዓምዱ ላይ ግራዋ የሚል አለ፦ ት 42፣ ደ 85፣ ቁ 67። አራት ዓመት ተያያዘልኝ። በእኩለ ሌሊት ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እጄን አጨበጨብኩ።

ከዚያ መጨረሻውን አየሁ። ከግራዋ መስመር ላይ "ወሰደ" የለም።

በሳምንቱ ላፕቶፔን ይዤ ቀበና ጋሼ ባቡር ቤት ሄድኩ። ሐሳቤ የቅጽል ስሞቹን ትክክለኛ ስም ከእሳቸው ጠይቄ ዝርዝሩን መሙላት ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አዩ፤ ስለ ስክሪፕቱ በኩራት አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ታገሡኝ።

"ይህን ማን አዘዘህ?"

ማንም እንዳላዘዘኝ ነገርኳቸው።

"ጋሼ ይህን ሲቆርጡ ፋኖሱን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ" አሉኝ። "ሰዓት እላፊ ስለነበር ሱቁ ውስጥ አደርን። አሰሳው ቀበና ደርሷል ተብሏል። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ይዘው ቆረጡ። ደብተሩን በሙሉ ለምን አናቃጥለውም አልኳቸው። 'ልኬቱ ምን አጠፋ?' አሉኝ። ቁራጮቹን ካውያው ውስጥ፣ ከሰሉ ላይ ጨመሯቸው። ከዚያ በዚያው ካውያ የሰው ሱሪ ተኮሱበት። ጠዋት ባለቤቱ መጥቶ ወሰደ።"

ቅጽል ስም መጻፍ የጀመሩትም በዚያው ሌሊት ነው። የዚያን ዓመት ገጽ እንዳለ ቀደው አቃጥለው፣ በጥር የወሰዱትን ልኬት በአዲስ ገጽ ላይ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ በሚጠራሩበት ስም ገለበጡት።

"ዛሬ ግን ምን ችግር አለው?" አልኳቸው። "አርባ ስድስት ዓመት አለፈ እኮ።"

ጋሼ ባቡር መነጽራቸውን አወለቁ። "ከመካከላችን ጠብመንጃ የተሰጠውም ነበር፤ አብዮት ጥበቃ ሆኖ። ጋሼ ለእሱም ለክተውለታል። ማሊያውንም ወስዷል።"

"ማን ነው?"

"ለቅሶው ላይ ሰባት ሰው ነው የመጣነው። ሰባታችንንም ቡና አስተናግደኸናል።"

ይህን ካሉ በኋላ ስለዚያ ሰው አንድ ቃል አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅሁም። የእኔ ስክሪፕት እስኪመልስ ድረስ ግን ብዙ አይቀረውም ነበር። ማስታወሻዎቹን ትንሽ ባጣራ፣ ሁለት ሦስት ሰው ባነጋግር፣ አያቴ በመቀስ የለዩትን በኮድ መልሼ ልሰፋው ነበር። ፈታሾቹ ይህን ቢያገኙ ምን ያህል ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡ ዛሬም ደስ አይለኝም።

ስለ ግራዋ ግን ጠየቅሁ።

"ሚያዝያ ላይ ነው። ማሊያው ሳይደርስለት። ማን እንደወሰደው፣ የት እንደጣሉት አላውቅም። እናቱ አላለቀሱም፤ ማን ያስለቅሳቸዋል? በዚያ እሑድ ጨዋታ ነበረን። ጋሼ ተቀያሪ አላስገቡም፤ በአሥር ልጅ ተጫወትን። ማልቀስ እንጂ ኳስ መጫወት አልተከለከለም።"

"ትክክለኛ ስሙስ?"

ብዙ አሰቡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። "አላውቀውም" አሉኝ በመጨረሻ። "ልጆች ነበርን። ግራዋ ነው።"

መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። በአጠገቡ ስንት ጊዜ በታክሲ እንዳለፍኩ አላውቅም፤ የገባሁት ግን ያን ሳምንት ነው። ግድግዳው ሙሉ ፎቶግራፍ ነው። አብዛኞቹ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሡ ይመስላሉ፤ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ። ሙሉ ስም አላቸው፤ ቅጽል ስም የላቸውም። በእኔ ቋንቋ ብናገር፣ ሁለት ሠንጠረዦች ናቸው፣ የሚያገናኛቸው ቁልፍ ግን ካውያ ውስጥ ነድዷል። ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ስሄድ ፊታቸውን ትቼ ትከሻቸውን እያየሁ እንደሆነ ድንገት ገባኝና ወጣሁ።

ስክሪፕቱን አጠፋሁት። ልኬቶቹን ግን እንዳሉ፣ ያለ ስም ዓምድ፣ ጽፌ ጨርሻለሁ። 1970 ላይ አራት መስመር ብቻ አለ። 1971 ላይ አሥራ ሰባት፤ ትከሻቸው 33 እና 34 የሆነ፣ አዲስ ትንንሽ ልጆች። አያቴ በዚያ ሁሉ መሐል አንድም ዓመት ልኬት አላቋረጡም። ስለዚያ ዘመን እኔ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ የምጠይቀው ሁሌ ስለ 54ቱ ዋንጫ ነበር።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ልኬቱ ተወስዷል፣ ማሊያው ተሰፍቷል፤ ያልተወሰደው ማሊያ የት ገባ? ባለፈው ፋሲካ እማማ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን አነሣሁት። ሣጥን ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ ነገር ያወጡልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

"የ69ኙ?" አሉ እማማ ረከቦቱን እየጠረጉ። "አጎትህ ነዋ የለበሰው። በዚያ ዘመን ጨርቅ ከየት ይገኝ ነበር? አባባ ትከሻውን ፈትተው አጠበቡለት።"

ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ።

"እጅጌው ግን በጣም ረዝሞበት ነበር። ይቆረጥ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ሁለት ጊዜ አጥፈን በክር ያዝንለት።"